ለእትዬ፦ ያደረ አሮስቶ እንዳይደርቅ

ፍራንክፈርት፣ ታኅሣሥ 5 ቀን

ውድ እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል የነገርሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ማታ ያላለቀው ዶሮ አሮስቶ በማግስቱ ሲሞቅ እንጨት እየሆነ፣ ደንበኛም ሳህኑን እየመለሰ አስቸግሮሻል። ጥፋቱ የዶሮው መስሎሽ ሌላ ነጋዴ ልትፈልጊ ነው። ዶሮው አልበደለም፣ እትዬ። እኔም እዚህ ሆቴል ወጥ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ያደረ ዶሮ ሳልሸፍን በጋለ ኦቨን ከትቼ አድርቄዋለሁ። ሽማግሌው አብሳይ ሥጋውን ፊቴ በጣቱ ሲፈረፍረው የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም።

እስቲ የእማዬን ዶሮ ወጥ አስቢው። አድሮ ሲሞቅ ይበልጥ ይጣፍጣል እንጂ መቼ ደርቆ ያውቃል? 12ቱም ብልት በቁሌቱና በቅቤው ተሸፍኖ ያድራል፤ ሲሞቅም እዚያው ወጡ ውስጥ ነው። አሮስቶ ግን ራቁቱን ነው። ሥጋ ከ60 ዲግሪ አልፎ ሲግል እየተኮማተረ ውሃውን ያወጣል። የመጀመሪያው እሳት ጥቂቱን ወስዶበታል፤ ሁለተኛው ሳይሸፈን ካገኘው የቀረውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ወጥ እንዳለው ቁጠሪና አሙቂው።

አንገቱን፣ ጀርባውንና አጥንቱን አትጣይ፤ በሽንኩርትና በትንሽ ጨው ቀቅለሽ መረቅ አውጪ። ከዚያ ሰፋ ባለ ድስት የድስቱን ወለል ብቻ የሚሸፍን መረቅ አፍስሺ፣ ለጋ ቅቤ ጣል አድርጊበት፣ ብልቶቹን ሳትደራርቢ ደርድሪና ክዳኑን ግጥም አድርጊ። ከሰሉን በተን አድርገሽ እሳቱን አለዝቢ። ታፋው ስብ ስላለው ይታገሣል፤ ደረቱ ግን ስስ ነው፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይግባ። ደረቱን አስቀድመሽ አትቆራርጪው! ከነአጥንቱ ይሙቅ፤ የሚቆረጠው ሊቀርብ ሲል ነው። በኦቨን ከሆነ በፎይል ሸፍነሽ 160 ዲግሪ ይበቃዋል። ቆዳው ደረቅ እንዲል የሚወድ ሰው ካለ፣ መጨረሻ ላይ ብልቱን በቆዳው በኩል የጋለ መጥበሻ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፊው።

ከቤት የወጣሁ ቀን ለስንቅ ጥብሱን ዶሮ በእንጀራ ጠቅልለሽ ሰጥተሽኝ ነበር። አዋሽ ስደርስ ስፈታው ገና ለስላሳ ነበር። ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ ያ ጥቅል ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

መድረቁን ፈርተሽ ደግሞ ለብ ብቻ አድርገሽ እንዳታቀርቢ፤ የሥጋው ውስጥ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች 90 አካባቢ ላይ ይንተከተካል። መረቁ ፈላ ማለት ሥጋው ውስጡ ደርሷል ማለት አይደለም። የሥጋ ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ፤ ወደ አገር ቤት ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልሻለሁ። እስከዚያው ወፍራሙን ብልት ሰንጥቀሽ መሐሉ በደንብ ማቃጠሉን ተመልከቺ።

ሌሊቱ ውርጭ ነው ብለሽም ጓዳ ውስጥ አታሳድሪው፤ ጓዳ ማቀዝቀዣ አይሆንም። ከተጠበሰ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፣ ከሦስት አራት ቀን በላይ አይቆይ። የምታሞቂውም የሚበላውን ያህል ብቻ ይሁን፤ ሞቆ የተረፈውን ዳግመኛ አታሙቂ።

አሁን ጾም ስለሆነ ጊዜ አለሽ። የገና ዕለት ለቤተሰቡ ስትጠብሺ ሁለት ብልት አስቀሪና በማግስቱ ሞክሪው። ከላሊበላ በደሴ በኩል የሚመለሰው ሕዝብ በደጃፍሽ ሲያልፍ እጅሽ ለምዶት ይቆይሻል። እንዴት እንደሆነልሽ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ማታ ከሥራ እስክወጣ ስልኬን እጠብቃለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ።

ናፋቂ ወንድምሽ