የጥናት ኖት ከማተማችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በትምህርት ገጻችሁ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አጫጭር የጥናት ኖቶችን ማውጣት መጀመራችሁን አይተናል፤ ሐሳቡን እንደግፋለን። በጎጃም በበርካታ ወረዳዎች ትምህርት ተቋርጦ ከርሟል፣ መጽሐፉም ለሁሉም አልደረሰም፣ ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ሲመጣ ሌላ ቀን ይጠፋል። ተማሪው እጅ የሚገባው ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚገዛ ጥራዝ ወይም ከስልክ ስልክ የሚዞር ፒዲኤፍ ነው። መምህር በሌለበት ቤት ጋዜጣ ላይ የወጣች ኖት እንደ መምህር ቃል ትታመናለች፤ ስሕተቷም አብሮ ይታመናል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በየከተማው የሚሸጡት ጥራዞች የመጀመሪያ ጣጣቸው ምልክት ነው። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ሲነሣ ቀድመው የሚጠፉት ትንንሾቹ ናቸው፦ የኔጌቲቭ ምልክት፣ ከቁጥር ራስጌ የምትቀመጠው ፓወር፣ ነጥብ። የኤሌክትሮን ቻርጅ መጠን 1.6×10⁻¹⁹ ኩሎም ነው። ቅጂው ሲደጋገም ሰረዟ ትጠፋና 10¹⁹ ሆኖ ይነበባል፤ በስልክ ሲተየብ ደግሞ «10-19» ይሆንና ተማሪው ከ10 ላይ 19 መቀነስ ይጀምራል። የፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ 6.63×10⁻³⁴ ጁል ሴኮንድ፣ ዕጣው ያው ነው። ማተሚያ ቤትም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ፎንት ሲቀየር ፓወሩ ወርዶ ከመስመሩ ጋር ይተካከላል። ስለዚህ ገጹ ከመታተሙ በፊት ትምህርቱን የሚያስተምር ሰው ፕሩፉን (ለእርማት የሚወጣውን የሙከራ ቅጂ) ቁጥር በቁጥር ያንብበው። ተማሪውም ጥራዝ ከመግዛቱ በፊት መፈተን ይችላል፤ ሦስት የሚያውቃቸውን ቁጥሮች ፈልጎ ከመጽሐፍ ጋር ያስተያይ፤ አንዱ ከተሳሳተ ጥራዙን እዚያው ይተወው። ማውጫውንም ይመልከት። ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀየር ምዕራፎች ከክፍል ክፍል ተዛውረዋል፣ ይዘታቸውም ተለውጧል፤ በአሮጌው መጽሐፍ የተዘጋጀ ኖት ግን ሽፋኑ ተቀይሮ ዛሬም ይሸጣል።

ሁለተኛው ጣጣ ይበልጥ ይከፋል፤ ምክንያቱም ቅጂው ጥርት ያለ ቢሆንም አይታይም። ቀመሩ ይጻፋል፣ ቀመሩ የሚሠራበት ሁኔታ ግን አይጻፍም። የኬሚስትሪን 22.4 ሊትር እንውሰድ። ኖቱ «አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ነው» ይላል፤ ተማሪውም ጋዝ ባየ ቁጥር በ22.4 ያባዛል። ይህ የሚሠራው ሙቀቱ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊቱም 1 አትሞስፌር ሲሆን ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ወደ 0.75 አትሞስፌር ነው። ሙቀቱን 17 ዲግሪ፣ ማለትም 290 ኬልቪን፣ ብንለው የጋዝ ቋሚ ቁጥር 0.0821 በ290 ተባዝቶ ለ0.75 ሲካፈል 32 ሊትር ገደማ ይመጣል። ከ22.4 ጋር ያለው ልዩነት በዝንጋታ የሚታለፍ አይደለም። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የምትለውም እንዲሁ ናት፤ እዚህ ከተማ ድስት የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው (ባቄላው ለምን አልበስል እንደሚል እናቶች ያውቃሉ፣ ኖቱ ግን አይናገርም)። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ቀመር ሥር ሁለት መስመር ይታከል፦ «የሚሠራው መቼ ነው» እና «የማይሠራው መቼ ነው»። ገጹ ይረዝማል፤ ይርዘም።

በፊዚክስ አብዛኛውን ነጥብ የሚበላው አሃድ ነው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አይሱዙ ፍሬን ቢይዝና ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በ5 ሜትር በሴኮንድ ቢቀንስ፣ እስኪቆም ስንት ሜትር ይሄዳል? 72 ለ3.6 ሲካፈል 20 ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። የ20 ስኩዌር 400 ነው፤ የ5 እጥፍ ለሆነው ለ10 ሲካፈል መልሱ 40 ሜትር ነው። አሃዱን ሳይቀይር 72ን እንዳለ ያስገባ ተማሪ 5,184ን ለ10 አካፍሎ 518 ሜትር ያገኛል። ፈተና አውጪው ይህን ያውቃል፤ 518ን ከምርጫዎቹ አንዱ አድርጎ ያስቀምጥለታል። ስለዚህ ጥሩ ኖት ትክክለኛውን ስሌት ብቻ አይዝም፤ የተለመደውን ስሕተትና የሚያወጣውን የተሳሳተ መልስ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ተፈታኞች ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ቀመር ሸምድዶ መቼ እንደሚጠቀምበት አለማወቅ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እንደሆነ አንጠራጠርም።

ለሒሳብ የቀመር ዝርዝር አታትሙ፤ መጽሐፉ ውስጥ አለ። የሚጠቅመው ሙሉ በሙሉ የተሠራ ጥያቄ ነው፤ በግራ በኩል እርምጃው፣ በቀኝ በኩል ለምን እንደተደረገ በአንድ ሐረግ። የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። በኔጌቲቭ ቁጥር ሲባዛ ወይም ሲካፈል የ«ያንሳል» ምልክት ይገለበጣል። የኔጌቲቭ 5 ስኩዌር፣ ስኩዌር ሩቱ ሲወጣለት 5 ነው እንጂ ኔጌቲቭ 5 አይደለም። ሎግ 2 ሲደመር ሎግ 3 ሎግ 6 ነው፤ ሎግ 5 የሚጽፍ ተማሪ በየክፍሉ አለ።

ባዮሎጂ ላይ ቶሎ እንለፍ። የክሮሞሶም ቁጥር በግማሽ የሚቀንሰው በመጀመሪያው ሚዮሲስ (የፆታ ሴሎችን በሚያስገኘው ክፍፍል የመጀመሪያ ዙር) ነው፤ ብዙ ኖት በሁለተኛው ነው ይላል። ምሳሌውን ከማሳ መውሰድ ይቻላል፦ ጤፍ 40 ክሮሞሶም አላት፣ በቆሎ 20፣ ገብስ 14፤ የፆታ ሴሎቻቸው 20፣ 10 እና 7 ይይዛሉ። የልብ ሥዕል ስታወጡ ደግሞ የልቡ ግራ ክፍል በወረቀቱ ቀኝ በኩል እንደሚውል በጉልህ ጻፉ፤ ተማሪው የሚያየው ፊት ለፊቱ የቆመን ሰው ልብ ነውና።

በጂኦግራፊ ካርታ ላይ 1 ለ50,000 ሲባል 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። እስከዚህ ሁሉም ይደርሳል። 1 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ስንት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው ሲባል ግን ብዙው 0.5 ይላል፤ መልሱ 0.5 በ0.5፣ ማለትም 0.25 ነው። የከፍታና የሙቀትን ግንኙነት ለማስተማር ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት የሚያህል የለም። በከፍታ ልዩነቱ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ቢታሰብ ድልድዩ ከደጀን ወደ 8 ዲግሪ ተኩል ይሞቃል። በአውቶብስ የወረደ ሁሉ ጃኬቱን ያወለቀበትን ቦታ ስለሚያውቅ ስሌቱ አይረሳውም።

ታሪክ ላይ ረዘም እንላለን፤ ምክንያቱም ይህ ስሕተት ጋዜጦች ላይም ይታያል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ በአውሮፓ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው በእኛ ነው፤ ኖቱ ሁለቱን ይደባልቃል። ብዙ ተማሪ የሚያውቀው «8 ቀንስ» የሚለውን ብቻ ነው። ደንቡ ግን ሁለት ነው፦ ድርጊቱ የተፈጸመው ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ከሆነ 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ከሆነ 7 ይቀነሳል። የውጫሌ ውል ሜይ 2 ቀን 1889 ነው፤ 8 ሲቀነስ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይሆናል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው የተማረኩበት የእምባቦ ጦርነት በጁን 1882 ነው፤ በእኛ 1874። ዐድዋ ማርች 1 ቀን 1896፣ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወር ግን ቀኑ ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው። 8 የቀነሰ ተማሪ 1927 ይልና አንድ ዓመት ይስታል፤ ወሩ መስከረም ስለሆነ 7 ነው የሚቀነሰው። እንግዲህ በኖታችሁ ዓመት ብቻ አትጻፉ፤ ወሩን ጨምሩ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውንም አትርሱ።

ቀን በቀን ላይ መደርደሩም ታሪክ አይሆንም። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። የሚጠየቀው መንገዱ ለምን በጎጃም እንደሆነ ነው፦ ሱዳን በእንግሊዝ እጅ ነበረች፣ የጎጃም አርበኞችም በ5ቱ ዓመት ጠላትን በየምሽጉ ወጥረውት ነበር። በቀኖቹ መካከል እንዲህ ያለ የምክንያት ቀስት ይሳል።

አሁን ወደ አጠናኑ። የታተመ ኖት፣ የእናንተም ይሁን የማንም፣ ተማሪው እንዳለ ገልብጦ ደብተሩ ላይ ቢያሰፍረው እጁን ከማድከም በቀር የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ገጹን በሙሉ ቢጫ ማቅለምም ያው ነው። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አንድ ንዑስ ምዕራፍ ያንብብ፤ መጽሐፉን ይዝጋ፤ በባዶ ወረቀት ላይ ለ10 ደቂቃ ያስታወሰውን ይጻፍ፤ ከዚያ መጽሐፉን ከፍቶ የጎደለውንና የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ ያስተካክል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠናው ቀዩ ነው። በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ያንኑ ይድገመው፤ በየዙሩ ቀዩ ካልቀነሰ ችግሩ የማስታወስ ሳይሆን ያለመረዳት ስለሆነ ወደ መጽሐፉ ምሳሌዎች ይመለስ። የመጨረሻው ኖት ለአንድ ምዕራፍ ከአንድ ሉክ፣ ፊትና ጀርባ፣ አይብለጥ። ወረቀቱ በቁመቱ ይከፈል፤ በጠባቡ ግራ በኩል ጥያቄ፣ በሰፊው ቀኝ በኩል መልስ። ቀኙ ታጥፎ ግራው ብቻ ይነበባል። ባለ 50 ሉክ አንድ ደብተር ለሁለትና ለሦስት ትምህርት ይበቃል። ብዙዎች የሚሰናከሉት በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በባዶ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ሲጽፉ «አልገባኝም» ብለው ወደ መገልበጥ ይመለሳሉ። ሁለት መስመር ለጀማሪ የተለመደ ነው።

ይህ ሁሉ በጋዜጣ ገጽ ላይ ምን ይመስላል? ግራውን ዓምድ ጥያቄ አድርጉት፤ ቀኙን ከግማሽ በላይ ባዶ ተዉት፤ መልሱን በሚቀጥለው እትም አውጡ። ማስታወቂያ ማስገባት እየተቻለ ባዶ ቦታ ማተም ኪሳራ እንደሚመስላችሁ ይገባናል፤ ተማሪው የሚጽፈው ግን እሱ ላይ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደሉ አትሙት፣ ማብራሪያው በአማርኛ ይሁን፤ ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነውና። ስሕተት ሲገኝ እርማቱ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ፤ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ የተቀበረ እርማት ኖቱን ቆርጦ ደብተሩ ላይ የለጠፈው ልጅ ዘንድ አይደርስም።

የሳይንስ፣ የሒሳብና የታሪክ ገጾችን ፕሩፍ ያለ ክፍያ ለማንበብ ፈቃደኞች ነን። ከኅትመቱ ሦስት ቀን በፊት ቢደርሰን ይበቃናል፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በወረቀት ቢሆን ይሻላል።

ከሁለተኛ ደረጃ መምህራን
ደብረ ማርቆስ