የሯጮቻችን አጥንት ከመሰንጠቁ በፊት

ለኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ ከሩጫ ጫና የሚመጣውን የአጥንት መሰንጠቅ ለመከላከል የክለቦች ውልና የሕክምና አሠራር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡራን የፌዴሬሽኑ አመራሮች፣

እኔ ለዓመታት በክለብ ታቅፌ 5,000 ሜትርና አገር አቋራጭ የሮጥሁ፣ ዛሬ ደግሞ ከእንጦጦ ግርጌ ወጣት ሴት ሯጮችን የማሠለጥን ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሐኪሞች ስትረስ ፍራክቸር ስለሚሉት፣ እኛ ግን እርስ በርሳችን «ቅልጥሜን ያዘኝ» ብለን ስለምናልፈው ጉዳት ነው። ይህ ስብራት በአንድ ውድቀት ወይም በአንድ ግጭት የሚመጣ አይደለም። በየዕለቱ በሺህ የሚቆጠር እርምጃ አንድ ቦታ ላይ ሲደራረብና አጥንቱ ራሱን የሚጠግንበት ጊዜ ሲያጣ ቀስ በቀስ የሚሰነጠቅ ነው፤ በቅልጥም፣ በእግር መዳፍና አንዳንዴም በታፋ አጥንት አንገት ላይ ይወጣል።

አጥንት ሕይወት ያለው አካል ነው። ጫና ሲበዛበት የተጎዳውን ክፍል አፍርሶ በምትኩ የበረታ ይሠራል፤ ነገር ግን ማፍረሱ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ ሲሆን መገንባቱ ወራት ይፈጃል። ከገጠር መጥቶ ካምፕ የገባ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይሮጥ የነበረ ልጅ በአንድ ጊዜ በቀን ሁለቴ መሮጥ ሲጀምር፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ላይ ልቡና ሳንባው እየበረቱ ሳለ አጥንቱ ግን ከቀድሞው የሳሳበት ጊዜ ውስጥ ይገኛል። አሠልጣኙ የሚያየው ሰዓቱን ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ እየተሻሻለ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ይጨመርለታል።

በእኔ ላይ የደረሰውን ልናገር። ከጃንሜዳው ውድድር አምስት ሳምንት ሲቀረው ግራ ቅልጥሜ ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቴ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ በአውራ ጣት የሚሸፈን ቦታ ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ የሚያመኝ ልምምድ ሲያልቅ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ገና ሳሟሙቅ ይጀምረኝ ነበር፤ በመጨረሻ ሌሊት ብርድ ልብሱ ሲነካው ሳይቀር ያመኝ ነበር። ጓደኞቼ «ሲሞቅ ይተውሻል» አሉኝ። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ በቅቤ ሦስት ጊዜ ታሸሁ። አንድ ክሊኒክ ራጅ ተነሣሁና «ምንም የለብሽም» ተባልሁ፤ ደስ ብሎኝ ተመለስሁ። ራጅ የዚህ ዓይነቱን ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ እንደማያሳይና ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የሰውነት ውስጥ ምስል) ግን ቀድሞ እንደሚያሳየው የነገረኝ አልነበረም። በውድድሩ ዕለት ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ከራሴ እግር ሰማሁ። በጊዜ ቢያዝ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በሚደርስ ዕረፍት ሊድን ይችል የነበረው ጉዳት አሥራ አንድ ወር ወሰደብኝ፤ ከዚያ በኋላም ወደ ቀድሞው ሰዓቴ አልተመለስሁም።

ለምን ለአሠልጣኜ አልተናገርሁም? የደብዳቤዬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ውሌ ሰኔ ላይ ያልቅ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ወር ያረፈች የክለብ ጓደኛዬ ውላቸው ከሚታደስላቸው ዝርዝር ውስጥ ስሟ ተሰርዞ ነበር። እኔ በዚያ ደመወዝ የሁለት ታናናሾቼን ትምህርት እችል ነበር። ያመመኝን የደበቅሁት የጉዳቱን አደገኛነት ስላላወቅሁ ብቻ አይደለም፤ መናገር ከሥራ እንደሚያስወጣ ስላወቅሁ ነው። ዛሬ የማሠለጥናቸው ልጆችም ያንኑ ያሰላሉ። ስለ ጫማ፣ ስለ ማሟሟቂያና ስለ ካልሲየም የሚሰጥ ምክር ሁሉ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ሯጩ ሕመሙን ቢናገር እንጀራው የሚቋረጥ እስከሆነ ድረስ ምክሩ አይሠራም ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ጉዳት ለታላላቆቻችንም አልቀረላቸውም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የተሰለፈው የእግር ጉዳት እንደያዘው ነበር፤ ሩጫውን ሳይጨርስ ለማቋረጥ ተገደደ፤ ማሞ ወልዴ ወርቁን ለአገሩ አመጣ። የሮምና የቶኪዮ ባለድል የሆነ ሰው እግሩ እምቢ ሲለው ማቆሙ ክብሩን አልቀነሰበትም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ «አመመኝ» ስትል ግን ሰነፍ ትባላለች።

የሴቶቹ ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባል። አንዲት የማሠለጥናት ልጅ የወር አበባዋ ለሰባት ወር እንዳልመጣ በአጋጣሚ ነገረችኝ፤ የነገረችኝም በደስታ ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረችበት ቦታ «ለሩጫ ደርሰሻል ማለት ነው» ተብላ ስለነበር። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የምትበላው ለምትሮጠው ሳይበቃ ሲቀር ሰውነት ይቆጥባል፤ አጥንትን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አጥንት የሚጠግነውም ያንሳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ይህን የኃይል እጥረት ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ መግለጫ ያስጠነቀቀበት ሲሆን፣ ወንዶችንም እንደሚጎዳ በዚያው ገልጿል። ከጾም ጋር በተያያዘም በጥንቃቄ አንድ ነገር ልበል፤ እኔም ጿሚ ነኝ፤ ማንም ጾሙን እንዲነካ አልጠይቅም። ነገር ግን በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ማለዳ 25 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚቆይ ሯጭ፣ ከጾሙ በፊት የነበረው የልምምድ መጠን ሊቀጥልበት አይገባም። በካምፖች ያሉ ምግብ አብሳዮችም ለጾም ወቅት ጤፉን፣ ጎመኑን፣ ሽምብራውንና ሰሊጡን በበቂ መጠን እንዲያቀርቡ በጀት ሊያዝላቸው ይገባል።

ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ክለቦችን ሲመዘግብና ምዝገባቸውን ሲያድስ፣ በሐኪም የተረጋገጠ የአጥንት ጉዳት ያለበት ሯጭ ቢያንስ ለስድስት ወር ደመወዙም ቦታውም እንዳይነካ የሚደነግግ አንቀጽ በውላቸው ውስጥ እንዲያካትቱ እንዲያስገድድ እጠይቃለሁ። ከዚህ ጋር፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያምና በአንድ እግር ሲዘለል የሚብስ ሕመም ያለው ሯጭ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ልምምድ አቁሞ ኤምአርአይ የሚነሣበት፣ ወጪውም ከሯጩ ኪስ የማይወጣበት ስምምነት ከሆስፒታሎች ጋር ቢደረግ ብዙ እግር ይተርፋል። ለወጌሻዎችም ጥሪ ቢደረግላቸው እወዳለሁ፤ ሯጩ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እነርሱ ነውና፣ የተሰነጠቀ አጥንት እንደማይታሽ ካወቁ ከማንም በፊት ወደ ሐኪም ሊልኩ የሚችሉት እነርሱ ናቸው። የአሠልጣኞች ሥልጠናም ካምፕ ለገባ አዲስ ሯጭ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ልምምዱ እንዴት ቀስ እየተባለ እንደሚጨመር ማስተማር አለበት።

እኔ በበኩሌ የምሠራውን ልንገራችሁ። በየጠዋቱ ከማሟሟቃችን በፊት ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቅልጥማቸውን ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ይወርዳሉ፤ የሚያም ነጥብ ያገኘች ትናገራለች፤ እኔም ቀኑን፣ ቦታውንና ያን ሳምንት የሮጠችውን ኪሎ ሜትር በደብተር እጽፋለሁ። የተናገረች ልጅ በዚያ ቀን ከእኔ ጋር በእግር ትሄዳለች እንጂ ወደ ቤቷ አትላክም። የፌዴሬሽኑ የሕክምና ክፍል ቀጠሮ ቢሰጠኝ የልጆቹን ስም ሸፍኜ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ፤ ከመጪው የጃንሜዳ ውድድር በፊት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ ብዙዎቹ ሕመማቸውን የሚደብቁት በእነዚያ ሳምንታት ነውና።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የቀድሞ የ5,000 ሜትር ሯጭ፣ የአሁን የወጣቶች አሠልጣኝ
አዲስ አበባ