ለችግኝ የከፈልነው 20 ብር

ለአውቶቡስ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ከትኬት ጋር የምትሰበስቡትን የችግኝ ክፍያ ይመለከታል

ከድሬ አዲስ አበባ በእናንተ አውቶቡስ መመላለስ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ሾፌሮቻችሁ ጨዋ ናቸው፤ በሰዓቱም ትነሳላችሁ። ቅሬታዬ ትኬቱ ላይ በምትጨምሩት 20 ብር ነው። ደረሰኙ «የጉዞዎ ካርቦን ከአየር ተወግዷል» ይላል። እኔም ደስ እያለኝ ስከፍል ቆየሁ።

ባለፈው ጥር ችግኞቹን ለማየት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ኮረብታ ሄድኩ። ሰሌዳችሁ እንደ አዲስ ቆሟል። ችግኞቹ ግን ደርቀዋል። አንዱን ሳብ ባደርገው እጄ ላይ ቀረ። ሥሩ በጥቁሩ ፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። ፕላስቲኩን እንኳ ሳትቀዱ ነው የተከላችሁት! ሥሩ አፈር ሳይነካ እዚያው ተጠማዞ ሞቷል። አጠገቡ ካሉት አምስት ስነቅል ሦስቱ እንደዚያው ሆነው አገኘሁ። የተረፉትን ፍየል ግጧቸዋል። አጥር የለም፣ ጠባቂም የለም።

ዛፍ ካርቦን ከአየር የሚወስደው ሲያድግ ነው። የደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። የስንዝር ችግኝ ግን ገና ምን ወሰደ? አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ ከ2.5 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያኔውኑ ይወጣል። ችግኙ ቢጸድቅ እንኳ ያንን ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል። «ተወግዷል» የሚለው ቃል እውነት አይደለም።

አይቻልም እንዳትሉኝ። ወላይታ ሁምቦ ላይ ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከከብት ተከልሎ፣ አብዛኛው ከድሮው ጉቶ አቆጥቁጦ ደን ሆኗል። ገበሬዎቹ የካርቦን ክፍያም አግኝተውበታል። እዚህም የግራር ጉቶ ሞልቷል፤ የሚጠብቀው ሰው ነው የጠፋው።

ለድሬ ሰው የኮረብታ መራቆት ቀላል ነገር አይደለም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ዛሬም ላይኛው አገር ሲዘንብ እናቴ እንቅልፍ የላትም።

ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ያለው ቃል ይነሳ። የአካባቢውን ወጣቶች በደመወዝ ለጥበቃ ቅጠሩ። የጸደቀውን ቆጥራችሁ በየዓመቱ ትኬት ቢሮው ላይ ለጥፉ። ያ እስኪሆን ድረስ 20 ብሩን ከማንም አትቀበሉ። ቁጥሩን ያየሁ ቀን እኔ በደስታ እከፍላለሁ።

የነቀልኩትን ችግኝ ከነፕላስቲኩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የከዚራ ነዋሪ ደንበኛችሁ