አምበሌ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ

አምበሌ፣

ሰላም ነህ? እማማ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ስድቡን ለስልክ አቆይልኝና መጀመሪያ ጉዳዬን ስማኝ። አዎ፣ ጉዳይ ኖሮኝ ነው የጻፍኩት። ምን ላድርግ፣ ታውቀኝ የለ።

ልጁ ነው። 14 ዓመት ሞላው፣ ቁመቱም እኔን አልፏል። አጥቂ ነበር። አዲስ አሰልጣኝ መጣና ወደ መሀል አወረደው። አማካይ ሁን፣ ኳስ አከፋፍል አለው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሰላም የለም። ጫማውን አልጋ ስር ወርውሮ «በቃኝ፣ አልጫወትም» ብሏል። እናቱ ተወው ትላለች፣ ትምህርቱን ይማርበት። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ለሌላ ሰው ብናገር ይስቅብኛል።

እዚህ ሽቱትጋርት በሮበርት ሽሊንዝ ስም የተሰየመ ትንሽ ስታዲየም አለ። በአጠገቡ ሳልፍ ማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሰሞኑን ታሪኩን አነበብኩና ለልጁ ይዤለት ገባሁ።

ስማ እንግዲህ፣ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምነግርህ። ሰውየው የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ ጹፈንሃውዘን በ1924 የተወለደ። ጦርነቱ እንዳበቃ በ1945/46 የደቡብ ጀርመን ሊግ፣ ለከተማው ክለብ ለቪኤፍቢ ሽቱትጋርት በ30 ጨዋታ 46 ጎል አገባ። አርባ ስድስት! አንተ የጃንሜዳ ጎሎችህን፣ በኦፍሳይድ ያገባሃቸውንም ጨምረህ፣ እዚያ ትደርሳለህ? ነሐሴ 1948 ላይ አለን ወደምትባል ከተማ ለጨዋታ ሲሄድ መኪናው ተገለበጠ። የግራ ክንዱ ተቆረጠ።

እኔ ብሆን እዚያው አበቃ እል ነበር። አሰልጣኙ ጌዮርግ ቩርትሰር ግን አልተወውም። ከአጥቂነት ወደ መሀል አመጣው። ዓመቱ ሳያልቅ ሜዳ ተመለሰ። አስበው፣ ስትሮጥም ስትዘልም ሚዛንህን የሚጠብቅልህ እጅህ ነው፣ ስትወድቅም የምትደገፈው እሱን ነው። እንደዚያ ሆኖ ክለቡ በ1950 እና በ1952 የጀርመን ሻምፒዮን ሲሆን አምበሉ እሱ ነበር። በ1954 እና በ1958 ደግሞ የጀርመንን ዋንጫ በሉ። ብሔራዊ ቡድን የገባው 31 ዓመት ሞልቶት፣ በ1955 ሀምቡርግ ላይ ከአየርላንድ ጋር ነው። ከዚያ ሞስኮ ከሶቪየት ጋር፣ በዓመቱ ከሆላንድ ጋር። ሦስት ጨዋታ፣ በቃ። በ1954ቱ የዓለም ዋንጫ ቡድን ውስጥ አልነበረም። እኔን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ያን ዋንጫ ያነሱትን ሰዎች ስም ጀርመን ዛሬም በቃሉ ይዟል። ሽሊንዝን ግን ስንቱ ያስታውሰዋል? በ1995 ሞተ።

ልጁ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ገባው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባዬ፣ አማካይ ለመሆን እጄን ልቆረጥ?» እናቱ ከወጥ ቤት ሆና በሳቅ ሞተች። ከዚያ በኋላ ምን አፍ አለኝ?

አንተን ያስታወስኩት ያኔ ነው። በረኛ ያደረግከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? ማሊያውን ወርውሬብህ ቤቴ ገባሁ። ማታ በራችን ድረስ መጥተህ ጠራኸኝ። በማግስቱ ጎል ላይ ቆሜ ነበር። ምን ብለህ እንዳሳመንከኝ ግን ጨርሶ ጠፍቶብኛል። አንተ ካልረሳኸው ያንኑ ለልጁ ንገረው። ካልሆነም ከራስህ ፍጠር፣ መዋሸት መቼ ይቸግርሃል።

ደግሞ... የወንድምህን ነገር ሰምቻለሁ። ያኔውኑ ልደውል ብዬ ስልኩን አነሳና አስቀምጥ ነበር። ምን ይባላል? እግዜር ያጽናህ ብቻ። በደብዳቤ አይሆንም፣ በድምፅ እናውራው።

ልጁ እሁድ ከሰዓት ቤት ነው። ደውልለት። እኔ ነኝ ያስደወልኩህ እንዳትለው። ስለ ሽሊንዝም አታንሳበት፣ ሰልችቶታል። አማርኛው ትንሽ ደከም ብሏል፣ ካልገባው ግን እንደ ልማድህ አትጩህበት። ጆሮው ደህና ነው፣ ቀስ ብለህ አውራው።

ያንተው በረኛ