አጥንቱ ይጠብቃል፣ እማማ ግን 88 ዓመታቸው ነው

ይድረስ ለፍትሕ ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ደብዛው የጠፋ ዘመድ ካላቸው ቤተሰቦች የዲኤንኤ (የዘር መለያ) ናሙና ሳይረፍድ እንዲወሰድ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከካራ ወዲያ ካለ ሰፈር ነው። እኛ ስንገባ ግማሹ የገብስ ማሳ ነበር። አሁን ሌት ተቀን ሲኖትራክ ይመላለስበታል። ባለፈው ጥቅምት ከቤታችን ጀርባ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ስካቫተሩ አጥንት ይዞ ወጣ። የከብት ነው ተባለ። ቀጥሎ የራስ ቅል ተንከባለለ። ከዚያ በኋላ የከብት ነው ያለ የለም።

የቀን ሠራተኞቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዱ አማተበ። አንድ ወጣት አጥንቶቹን አንድ በአንድ ለቀመ፣ ጭቃው እንዲለቅ በውሃ አጠበ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ አፉን በሲባጎ አሰረ። ያደረገው ሁሉ ከደግነት ነው። ለማያውቀው ሙት እንደ ዘመድ ሆነለት። ግን የሚነግረው ሰው አልነበረምና፣ ከዚያ አጥንት ስም የሚገኝበትን ዕድል አጠበበው። ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔም ልጠቁም ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። «ማመልከቻ ጻፍ፣ የቦታውን ካርታም አያይዝ» አሉኝ። ቦታው የእኔ አይደለም። የሰው ካርታ ከየት ላምጣ? በሦስተኛው ቀን ስመለስ አርማታ ተሞልቷል። ማዳበሪያው የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

አጥንቱ የማንም ሊሆን ይችላል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲፈጅ ቀባሪ ያጣ ሰው ሊሆን ይችላል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጣሊያን ለሦስት ቀን ሕዝቡን ሲጨፈጭፍ ሸሽቶ እዚህ የወደቀም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ማዳበሪያውን ሳይ የታየኝ አጎቴ ነው።

አጎቴ በ1970 ዓ.ም. የ19 ዓመት ተማሪ ነበር። ማታ መጥተው ወሰዱት። አያቴ ለሁለት ሳምንት ስንቅ አመላለሰች። በሦስተኛው ሳምንት «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው የምሳ ዕቃውን መለሱላት። ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የዚያን ዘመን የአዲስ አበባ እናት ታውቀዋለች። ሬሳ የለም። ድንኳን የለም። ማልቀስም ያስጠይቃል። አያቴ እርሟን ሳታወጣ 46 ዓመት ኖረች። ማታ በር ሲንኳኳ ቀድማ የምትነሳው እሷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች።

ደርግ ሲወድቅ ተስፋ አድርጋ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ የተረሸኑት ባለሥልጣናት አጽም ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም አጽማቸው ተገኝቶ በክብር ተቀበሩ። ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎችም የጅምላ መቃብር አስቆፈሩ። ያኔ ማንነት የሚለየው በዋናነት በጥርስ፣ ተሰብሮ በዳነ አጥንት፣ በልብስ ቅሪትና በቤተሰብ ትዝታ ነበር። አያቴም ሄዳ «ግራ ክንዱ በልጅነቱ ተሰብሮ ነበር፣ ቡናማ ሹራብ ለብሶ ነበር» ብላ አስመዘገበች። ወደ ቤታችን የመጣ መልስ የለም። በመስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ሲከፈት ወሰድናት። በመስታወት ውስጥ የተደረደሩትን የራስ ቅሎች እያንዳንዳቸው ፊት እየቆመች አየች። ስንወጣ «ሁሉም ልጄን ይመስላሉ» አለችኝ።

አሁን ግን ነገሩ ተቀይሯል። «ሃምሳ ዓመት አፈር የበላው አጥንት ምን ይናገራል?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይናገራል። በጋሞ ደጋ ሞታ ከሚባል ዋሻ የተገኘ ሰው 4,500 ዓመት ተቀብሮ ኖሮ ሙሉ ጂኖሙ፣ ማለትም የዲኤንኤው መረጃ በሙሉ፣ ተነቧል። ውጤቱ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ይፋ ሲሆን፣ ከአፍሪካ ሙሉ ጂኖሙ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው እሱ ነበር። ዲኤንኤው የተገኘው የውስጠኛውን ጆሮ ከከበበው አጥንት ነው። ይህ አጥንት እጅግ ጠጣር ስለሆነ የያዘውን ቶሎ አይለቅም። ጥርስም እንደዚያው። እርግጥ ዋሻ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ የእኛ ሰፈር ዋልካ ክረምት ክረምት ውሃ ያቁራል። ከእያንዳንዱ አጥንት ውጤት ይገኛል የሚል ሰው ካለ ቤተሰቡን እያታለለ ነው።

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። አጥንት በውሃ ሲታጠብ የአጣቢው የራሱ ዲኤንኤ በውሃው ተመርቶ ወደ ቀዳዳዎቹ ሊገባ ይችላል። እርጥቡን በላስቲክ ነክ ነገር ሲያስሩት ደግሞ ሻጋታና ባክቴሪያ የተረፈውን ይበሉታል። የሚፈለገው ቀላል ነው። ጓንት ማድረግ፣ አለማጠብ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ በወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ። ከሁሉ በፊት ግን ቁፋሮውን ማቆምና ለፖሊስ መደወል። ይህን የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ከግንባታ ፈቃድ ጋር አብሮ ቢሰጥ ማን ይከስራል?

ይሁንና ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አጥንቱ አይደለም። አጥንት መሬት ውስጥ ሃምሳ ዓመት ቆይቷል፤ አሥር ዓመት ቢጨምርም ያው ነው። የማይጠብቁት እናቶቹ ናቸው።

ዲኤንኤ ብቻውን ስም አይናገርም። የሚነጻጸርበት ዘመድ ያስፈልገዋል። በቤታችን ላስረዳ። ከእናት ብቻ የሚወረስ ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚባል ክፍል አለ። በአንድ ሴል ውስጥ ቅጂው በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ስለሚቆጠር በአሮጌ አጥንት ውስጥ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። አያቴ ይህን ለአጎቴም ለእናቴም ሰጥታለች። እናቴ ለእኔ ሰጥታኛለች። እኔ ወንድ ነኝና ለልጆቼ አላወርሰውም። እህት የለኝም። ሌላው፣ በሕይወት የሌለው ታላቅ አጎቴ አምስት ልጆች አሉት፤ አንዳቸውም የአያቴን አልወረሱትም። እንግዲህ የዚያ የ19 ዓመት ልጅ የእናት መስመር፣ ከቤታችን የቀረው በእናቴና በእኔ አፍ ውስጥ ብቻ ነው።

እሱም ብቻውን አይበቃም። የማይዛመዱ ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ማይቶኮንድሪያ ሊኖራቸው ይችላል። «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር የወላጅ፣ የልጅ ወይም የበርካታ ወንድምና እህት ናሙና ነው የሚሻለው። እናት ከልጇ ጋር ግማሽ በግማሽ ትጋራለች። እኔ ከአጎቴ ጋር የምጋራው ሩብ ያህል ነው። የእኔ ልጆች ዘንድ ሲደርስ በጣም ይሳሳል። አያቴ በሕይወት ሳለች አንድ ሰው ጉንጯን በጥጥ ጠርጎ ቢያስቀምጥ ኖሮ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም። ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማንም አልጠየቃትም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላሰብኩትም።

ይህ በአገራችን ያልታየ ነገር አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ የ35 አገር ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች አለቁ። ሙሉ አካሉ የተገኘ ሰው አልነበረም። ኢንተርፖል ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ፣ ከየአገሩ ከቤተሰብ በተሰበሰበ የዲኤንኤ ናሙናና በጣት አሻራ፣ በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ የሁሉም ማንነት መለየቱን አስታወቀ። ስድስት ወር ነው የፈጀው። ያን ያህል የፈጠነበት አንዱ ምክንያት ወላጅና ልጅ በሕይወት ኖረው ናሙና መስጠታቸው ነው።

አርጀንቲናዎችም ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። በወታደራዊ አገዛዝ ዘመን ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው አያቶች «እኛ ሞተን ልጆቹ ቢገኙስ በምን ይታወቃሉ?» የሚል ጥያቄ ነበራቸው። በእነሱ ውትወታ መንግሥት በ1987 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የጄኔቲክ መረጃ ባንክ በሕግ አቋቋመ። የአያቶቹ ደም ተቀመጠ። ብዙዎቹ ሞተዋል፤ ደማቸው ግን አሁንም ይመሰክራል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቁፋሮ አይደለም። ትልቅ ላቦራቶሪ ገንቡም አላልኩም፤ እሱ ሲደርስ ይደርሳል። የምጠይቀው የጉንጭ ጥጥ፣ ለዚሁ የተሠራ ወረቀትና ታማኝ መዝገብ ነው። በዚያ ወረቀት ላይ የደረቀ ናሙና እርጥበት ካላገኘው ያለ ፍሪጅ ለዓመታት ይቆያል። መብራት ጠፋ ብሎ ማሳበቢያ የለም። ኮሮና ጊዜ አፍንጫውን ያልተጠረገ ሰው የለምና ሕዝቡም አዲስ አይሆንበትም። ጤና ጣቢያ በየወረዳው አለ። ቤተሰቦቹን ማን ያገኛቸዋል ካላችሁ ደግሞ እድር አለ። የማን ቤት ያለ ቀብር እንደቀረ እድር ያውቃል። ከ75 ዓመት በላይ ያሉት እናቶችና አባቶች ይቅደሙ፤ ቀጥሎ ወንድምና እህት።

አንድ የሚያስፈራኝን ነገር ግን ልናገር። ያለንበትን ዘመን ታውቃላችሁ። አጥንት ሲገኝ ከ«ማን ነው?» ይልቅ «ከየትኛው ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ይነሳል። ዲኤንኤ መታወቂያ ላይ ይጻፍ የነበረውን ብሔር አይነግርም። የሚነግረው ይህ ልጅ የዚያች እናት መሆን አለመሆኑን ነው። በዚህ የተሰበሰበ ናሙና ለሌላ ምርመራ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለወንጀል ክትትል፣ እንደማይውል በሕግ ካልተጻፈ ሰው ባይሰጥ አልፈርድበትም። እኔም አልሰጥም። ናሙና የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ እንዲጠፋለት መጠየቅ መቻል አለበት። ውጤት ሲመጣም በቴሌቪዥን ሳይሆን በቅድሚያ ለእናትየዋ፣ ቤቷ ድረስ ሄዶ ይነገራት።

በሰፈራችን ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት አሉ። 88 ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ከአጎቴ ጋር በአንድ ወር ነው የተወሰደው። አጥንት መገኘቱን ሲሰሙ በከዘራ እየተደገፉ ቦታው ድረስ መጡ። አርማታው ገና አልደረቀም ነበር። ስለ ዲኤንኤ እንደሚገባኝ አድርጌ ነገርኳቸው። ማይቶኮንድሪያ የሚለውን ዘለልኩት። አዳምጠው ሲያበቁ «ምራቅ ብቻ ነው? ታዲያ ምን ይጠበቃል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የእድራችን ጸሐፊ አንድ ደብተር ከፍቷል። እስካሁን 11 ቤተሰብ ተመዝግቧል። የጠፋው ሰው ስም፣ የተወሰደበት ወርና ዓመት፣ በሕይወት ያለ ዘመድ፣ የዘመዱ ዕድሜ። ከተመዘገቡት አንዷ እናት ባለፈው ጥር አርፈዋል፤ ስማቸውን አልሰረዝነውም። ከእናንተ ዘንድ የሚመጣ ባለሙያ ካለ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእድሩ ቤት እንጠብቀዋለን። የመጀመሪያው ተራ የእማማ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከካራ ወዲያ ነዋሪ፣ የአንድ የጠፋ ተማሪ የእህት ልጅ