ከመቅረት መዘግየት ይሻላል

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ጌም ስትጽፉ መቼ እንደሚወጣ ትነግሩናላችሁ። አንዱ ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ማሽን) ላይ ወጥቶ ሌላው ላይ ለምን ወራት እንደሚቆይ ግን ብዙም አይነሳም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ቤታችን ያለው አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስና ሁለት ጆይስቲክ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሶፋው ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ሆነን ነው የምንጫወተው። ኦንላይን እንግባ ብንል ኔትወርኩ መሃል ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ የሚያጫውት (ስፕሊት ስክሪን ያለው) ጌም ለእኛ ብርቅ ነው።

ባልደርስ ጌት 3 እንዲህ ያጫውታል። በኦገስት 2023 ኮምፒውተር ላይ፣ በሴፕቴምበር ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ወጣ። የኤክስቦክሱን ያዘገየው የኤክስቦክስ ሠሪው የማይክሮሶፍት ደንብ ነው። አንድ ጌም ውዱ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ላይ የሚያጫውትበት መንገድ ርካሹ ሲሪስ ኤስ ላይም መኖር አለበት። ትልቁ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ ትንሹ 10 ብቻ። ጌሙን የሠራው የላሪያን ስቱዲዮ ባለሙያዎች ስፕሊት ስክሪኑን በዚያች ሜሞሪ ማስኬድ አቃታቸው። በኋላ የላሪያኑ መሪ ስቬን ቪንከ በወቅቱ የኤክስቦክስ ኃላፊ ከነበረው ፊል ስፔንሰር ጋር ተነጋገረና ሲሪስ ኤስ ላይ ያለ ስፕሊት ስክሪን እንዲወጣ ተስማሙ። ጌሙ ዲሴምበር ላይ ወጣ። የጎደለው ደግሞ በኤፕሪል 2025 በአፕዴት ተጨመረ።

ልብ በሉ፤ 16 ወር ነው። ደንቡ ንቅንቅ አልልም ቢል ኖሮ የኤክስቦክስ ተጫዋች ሁሉ ምናልባት ያን ያህል ይጠብቅ ነበር። ደንቡ የወጣው ርካሹን የገዛ ሰው እንዳይበደል ነው፤ ሐሳቡን አከብራለሁ። እኔም የገዛሁት ርካሹን ነው። ግን ጌሙ ጭራሽ ከሚቀርብኝ አንድ ነገር ጎድሎት ቢመጣልኝ እመርጣለሁ።

ብላክ ሚዝ፦ ዉኮንግ የሚባለው ጌም ደግሞ ኤክስቦክስ ላይ የደረሰው ሌላው ላይ ከወጣ ልክ ከዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2025 ነው። የሠራው ስቱዲዮ መሪ ያችኑ የሲሪስ ኤስ 10 ጊጋባይት እንደ ችግር በይፋ አንስቶ ነበር።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ የትንንሾቹ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት በ2013 ለአነስተኛ ጌም ሰሪዎች በር ሲከፍት አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ሌላ ኮንሶል ላይ ቀድሞ የወጣ ጌም ወደ ኤክስቦክስ ሲመጣ አዲስ ነገር ይዞ እንዲመጣ ይፈለግ ነበር። ሦስት ሰው ሆነው የሚሠሩ ልጆች ሁለት ኮንሶል ላይ እኩል ለማውጣት ገንዘቡን ከየት ያመጣሉ? በአንዱ ሸጠው፣ ባገኙት ብር ሌላውን ይሠራሉ እንጂ። የዘገዩት ንቀው ሳይሆን አቅም አጥተው ነው። በዚያ ላይ ተጨማሪ ሥራ መጫን ያው ቅጣት ነው። ደንቡ ኋላ ላይ መላላቱ ጥሩ ሆነ።

ኮንሶል ሠሪዎቹን የምጠይቃቸው ትንሽ ነገር ነው። ዘግይቶም ይሁን ጎድሎት ጌሙ ይምጣ። ብቻ ምን እንደጎደለው ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት መሸጫ ገጹ ላይ በጉልህ ይጻፍለት።

እናንተም የመውጫ ቀን ስታወጡ አንድ መስመር ጨምሩልን፤ የትኛው ኮንሶል ላይ ምን እንደሌለ።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ