የአቮካዶ ብልሽት የሚጀምረው ከዛፉ ሥር ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በየጭማቂ ቤቱና በየአትክልት ተራው ስለሚጠቁረው አቮካዶ በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው በመኪናው፣ በሙቀቱና በማቀዝቀዣ እጦት ላይ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀድሞ፣ ከዛፉ ሥር መሆኑን በይርጋለም ዙሪያ ጓሯችን አቮካዶ ያለን ገበሬዎች እናውቃለን።

የአገር ዘር የምንለው ዛፍ ረጅም በመሆኑ፣ ለለቀማ የሚመጣው ወጣት ቅርንጫፉን ይነቀንቃል ወይም በዘንግ ይመታዋል፤ ፍሬውም መሬት ላይ ይዘረገፋል። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ ስለማይለሰልስ በዚያ ቀን ጉዳቱ አይታይም። ከሳምንት በኋላ ገዢው በቢላ ሲከፍለው ግን የተመታው ጎን ጠቁሮ ያገኘዋል። ጭራው ከሥሩ ከተነቀለም በዚያው ቁስል ሻጋታ ይገባና ፍሬው ከአንገቱ መበስበስ ይጀምራል።

ከዚህ የከፋው ሳይደርስ መለቀሙ ነው። ያልደረሰ አቮካዶ ቢያስቀምጡት ይጨማደዳል፣ እንደ ጎማ ይለጠጣል እንጂ አይበስልም። ዘይቱም ገና ስላልሞላ፣ በይርጋለሙ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ዘይት ለሚጨምቁት ፋብሪካዎች እንኳ አይበጅም። መድረሱን ለማወቅ ሁለት ሦስት ፍሬ ቆርጦ ቤት ማቆየት ይበቃል፤ ሳይጨማደድ ከለሰለሰና የዘሩ ሽፋን ቡናማ ከሆነ ደርሷል። የደረሰ ፍሬ ደግሞ ዛፉ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ምንም ወጪ የማያስወጣው ጎተራ ራሱ ዛፉ ነው።

ታዲያ ገበሬው ለምን ይቸኩላል? መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የሚመጣው ነጋዴ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ዛፉን በጅምላ ነው። የደረሰውንና ያልደረሰውን በአንድ ቀን አራግፎ፣ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ በአይሱዙ ይጭናል፤ ተጠንቅቆ የለቀመ ገበሬ የሚያገኘው ተጨማሪ ሳንቲም የለም።

ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኪሎና በደረጃ ይግዙ፤ ምላጭና ከረጢት ያለው የመልቀሚያ ዘንግ ለአባሎቻቸው ያቅርቡ፤ ፍሬው ጭራው ጥቂት ተርፎለት ተቆርጦ በፕላስቲክ ሳጥን ጥላ ሥር ይሰብሰብ። ቀዝቃዛ መጋዘን የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ለሐስ ዝርያ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆለት፣ ከሙዝ ጋር ሳይቀላቀል ሲቀመጥ ነው የሚጠቅመው።

ዝግጅት ክፍላችሁም ከአዲስ አበባ የችርቻሮ ዋጋ ጎን ለጎን፣ ለገበሬው ከዛፉ ሥር የሚከፈለውን ዋጋ እንዲዘግብ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የአቮካዶ አምራች፣ ከይርጋለም